የግራ እግር ጫማዬ መያዣ ሆኖ ቀረ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ነጠላ የለበሰች ሴት አንድ እግሯን ተጫምታ፣ አንዱን ባዶውን እያነከሰች ስትገባ ያያችሁ ጎረቤቶቼ፣ አዎ፣ እኔው ነኝ!

አልሰከርኩም። አልተዘረፍኩም። ጫማዬም አልተበጠሰም።

የብሎካችን ዘበኛ ደንግጦ "ሰብልዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?" ሲለኝ "ጫማዬን መያዣ አስይዤው ነው" አልኩት። ሰውዬው ዓይኑን ወደ አባቴ አዞረ፤ ከሽማግሌው ቁም ነገር ይገኛል ብሎ መሰለኝ። አባቴ ባርኔጣውን አስተካከለና "እውነቷን ነው" ብሎት ደረጃውን መውጣት ጀመረ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ስትስቁ ብቻ ቀስ ብላችሁ፤ እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው።

አባቴን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ወርቁ ይባላል። የድሮ ልደታ ልጆች ከሆናችሁ ግን ለእናንተ "ጋሽ ወርቁ ሳይክል" ነው። እዚህ ፎቅ ሳይሠራ፣ ሰፈሩ የጭቃ ቤትና የቆርቆሮ አጥር በነበረ ጊዜ፣ ሜዳው ላይ ለልጆች ሳይክል የሚያከራየው እሱ ነበር።

አቤት ያ ሜዳ!

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አባዬ ሳይክሎቹን ከጓዳችን አንድ በአንድ እየገፋ ያወጣና አጥሩን አስደግፎ ይደረድራቸዋል። ቀዩዋ አለች። ሰማያዊዋ አለች። ኮርቻዋ በአሮጌ ሹራብ የተጠቀለለችው አለች። ካቴናዋ በየደረሰችበት የምትወልቀው ደግሞ ነበረች፤ እሷ ለዘገየ ሰው ነው የምትደርሰው። እያንዳንዳችን የምንወዳት ነበረችን። ሌላ ልጅ ቀድሞ ይዟት ካገኘን ቅናት አይጣል ነው!

ኪራዩ በዙር ነው። ከመብራት እንጨቱ ትነሳላችሁ፣ ባህር ዛፉን ትዞራላችሁ፣ ትመለሳላችሁ። ያቺን አጭር ዙር ሳምንቱን ሙሉ ስናስባት እንከርም ነበር።

መያዣው ደግሞ ጫማ ነው። የግራ እግር ጫማ!

"ለምን የግራ?" ትሉኝ ይሆናል። ሳይክሎቹ ፍሬን የላቸውማ! ለማቆም ስትፈልጉ ቀኝ እግራችሁን ወደ ኋላ ትሰዱና በጫማችሁ ሶል ጎማውን ትጫኑታላችሁ። ስለዚህ ቀኝ ጫማ ፍሬን ነው፤ አባዬ ደግሞ ፍሬን መያዣ አይወስድም። ለልጆቹ አስቦ ያወጣው ሕግ ነው። እናቶቻችን ግን የቀኙ ጫማ ሶል ብቻ ተለይቶ ለምን እንደሚያልቅ አይገባቸውም ነበር፤ ቅዳሜ ማታ በየቤቱ የሚሰማው ዋይታ ከዚያ የመጣ ነው።

አባዬ ፊት ማዳበሪያ ተነጥፎ የግራ ጫማ ይከመርበታል። ሸራ፣ ላስቲክ ጫማ፣ የትምህርት ቤት ጥቁር ጫማ። አራዳ የሆኑት የራሳቸውን ላለማውለቅ የታላቅ ወንድማቸውን ጫማ ደብቀው ይመጣሉ። አባዬ ጫማውን ያያል፣ የልጁን እግር ያያል፣ ምንም ሳይል ይቀበላቸዋል። ያን ጊዜ የተሸወደ ይመስለኝ ነበር።

እኔም አስይዛለሁ! ልጁ ነኝ ብዬ በነጻ እነዳለሁ እንዳትሉ። "ያንቺም ይምጣ" ይለኛል፣ ሰው ሁሉ እያየ።

ከዚያ ድምፁ አለ። አንድ ዙር የተከራየ ልጅ ሁለተኛውን በሌብነት መጨመሩ አይቀርም፤ ያን ጊዜ አባዬ ከበርጩማው ይነሳና መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ "ሰዓት! ሰዓት አልቋል! ውረድ!" ይላል።

ማን ሊሰማው? ሳይክል ላይ የወጣ ልጅ ጆሮ የለውም። ቀና ብለን ወደ ማርያም ጉልላት እያየን፣ ምንም ነገር እንዳልሰማን ሆነን፣ ነፋሱ ሸሚዛችንን እየነፋው በአጠገቡ እናልፈዋለን። ዛሬም ድረስ ልደታ ማርያምን ሳያት መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ያ ነፋስ ነው፤ እሷ ትቅር ትበለኝ።

አንዳንዴ ደግሞ ልጆቹ ተሰብስበን እናስቸግረዋለን። "ጋሽ ወርቁ፣ እርስዎም አንድ ዙር ይንዱ! እስቲ ያሳዩን!" ልክ ይህን ጊዜ እማዬ ከቤት ትጣራለች። "ወርቁ! ና ምሳህን ብላ!" አሥር ሰዓት ላይ እኮ ነው! ምሳውን ከበላ በኋላ! አባዬም ተነስቶ ይሄዳል። እኔ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቴ ምሳ የሚበላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ይቺን ምሳ ያዙልኝ። እንመለስባታለን።

ያ ሰፈር ፈረሰ። ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ እኛ እድለኛ ሆነን እዚሁ ልደታ ደረሰን፣ አራተኛ ፎቅ። አንዳንዴ አውቶቡስ ላይ ከአንዷ አብሮ አደጌ ጋር እንገናኝና ተቃቅፈን፣ ስልክ ተለዋውጠን፣ ሳንደዋወል እንቀራለን። እናንተም እንደዛ ናችሁ አይደል? ሳይክሎቹ ፎቅ ላይ የሚቀመጡበት ስላልነበረ ቆራሌው ወሰዳቸው። አባዬ የዚያን ቀን በር ላይ ቆሞ ካቴናዋ የምትወልቀውን ሳይክል ኮርቻ መታ መታ አደረጋትና ገባ።

ከዚያ እማዬ ዐረፈችብን።

ከእሷ ወዲህ አባዬ መስኮቱ ጋ ነው የሚውለው። ባርኔጣውን አድርጎ፣ ወንበሩን ወደ ግቢው አዙሮ። ምንም ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው። ሽሮ ይሁን ምስር? "እንደፈለግሽ።" ቴሌቪዥን ልክፈትልህ? "እንደፈለግሽ።" አንድ ቀን ተናድጄ "ጋዝ ልስጥህ?" አልኩት። "እንደፈለግሽ" አለኝ፣ አልሰማኝም ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ወንድሜ ዳዊት አዳማ ነው የሚኖረው። ግቢ ያለው ቤት አለው፤ ደረጃ የለም፣ ጥላ የሚሆን ማንጎ አለ። "አንቺ ሥራ ስትውዪ ብቻውን ነው፣ ይህን ሁሉ ደረጃም አይችለውም፣ እኔ ጋ ይሁን" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምን ብዬ ልከራከረው? አባዬን ጠየቅነው። ምን እንዳለ ልንገራችሁ ወይስ ገመታችሁት?

እንደፈለጋችሁ!

ነገ እሁድ ዳዊት መጥቶ ሊወስደው ነበር። ሻንጣው ከትናንት ጀምሮ በሩ ጋ ቆሟል። እኔ ደግሞ፣ ለእናንተ አልደብቅም፣ እንዲሄድብኝ አልፈለግኩም። ከሥራ ስመለስ ከታች ቀና ብዬ ያቺን ባርኔጣ መስኮቱ ላይ ካላየሁ ቤቴ የገባሁ አይመስለኝም። ግን "አትሂድ" ብለው ደግሞ "እንደፈለግሽ" ሊለኝ ነው። ለኔ ብሎ ሊቀር ነው። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ይህን እፈልጋለሁ ሲል ብሰማው አዳማም ይሁን ልደታ ግድ አልነበረኝም።

ዛሬ ጠዋት "ማርያምን ተሰናብተሃት እንምጣ" አልኩት። መልሱን ታውቁታላችሁ።

ተሳለምን። ሰንጋ ተራ በኩል ቀስ እያልን ስንመለስ ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ውስጥ የሞተር ጩኸት ሰማን። ሕንፃ ይሠራበታል ተብሎ የታጠረ ባዶ ቦታ ነው፤ ሥራው እስኪጀመር ባለ አራት ጎማ ሞተር እየተከራየበት ነው። እነዚያን ትልልቅ ጎማ ያላቸውን፣ እንደ ፈረስ ተፈናጥጠው የሚነዷቸውን ታውቋቸዋላችሁ አይደል? በሩ ላይ ባነር ተሰቅሏል፦ "ሞተር በዙር ይከራያል"።

በዙር!

አባዬ ቀጥ አለ። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ።

"ሰብልዬ፣ ማርያም በየት በኩል ናት?"

አሳየሁት። በአጥሩ አናት ላይ ጉልላቷ ይታያል። አባዬ ጉልላቷን በቀኝ ትከሻው በኩል አደረጋት፣ ትንሽ ዞር አለ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ከዚያ ጣቱን ቀሰረ።

"ባህር ዛፉ እዚያ ነበር።"

ሜዳችን ነው! በዚህ በኩል ሁልጊዜ በታክሲ አልፋለሁ፤ አንድም ቀን አላወቅኩትም።

አባዬ ከበሩ አልንቀሳቀስ አለ። እግሩ አልሄድ ሲል ገባኝ፣ ግን ከአፉ ምንም አይወጣም። "ገብቼ ልንዳ እንዴ?" አልኩት። "እንደ..." ብሎ ሲጀምር አላስጨረስኩትም፤ ዘልዬ ገባሁ።

ውስጥ የነበሩት ሁሉ በኔ ዕድሜ ግማሽ ናቸው። ሱሪያቸው የተቀደደ፣ ስልካቸው በእጃቸው፣ ተራ ይጠብቃሉ። አከራይዋ ቤዛ የምትባል፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለች፣ ቆፍጣና ልጅ ናት። ከፈልኩ። ነጠላዬን ለአባዬ ሰጠሁት። ቤዛ ሄልሜት አጠለቀችልኝና እጇን ዘረጋች።

"መያዣ?"

ጎንበስ አልኩ። የግራ ጫማዬን አወለቅኩ። አስረከብኳት።

አላሰብኩም እኮ! እጄ ራሱ ነው ያወለቀው! ያ ሜዳ፣ ያቺ ጉልላት፣ "በዙር" የሚል ጽሑፍ፣ ከዚያ ደግሞ "መያዣ"፤ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ቤዛ ጫማዬን አየችው። እኔን አየችኝ። ገልብጣ ሶሉን አየችው፤ ምናልባት ውስጡ የሆነ ነገር አለ ብላ ይሆናል።

"እህቴ፣ መታወቂያ እኮ ነው የምንይዘው!"

ከኋላዬ የተሰለፉት ጀለሶች በሳቅ ሞቱ። "ካልሲም ትቀበያለሽ እንዴ?" አላት አንዱ። ሌላው ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ቢሮ "ወይዘሮ ሰብለ" የምባል ሰው ነኝ! ሠራተኛ ሲያረፍድ የምገላምጥ! አሁን በባዶ እግሬ ኮረት ላይ ቆሜ፣ ሄልሜት አድርጌ፣ "ያው... ድሮ... እዚህ..." እያልኩ እንተባተባለሁ። መታወቂያዬ ቤት ነው። ቤተክርስቲያን ለመሳለም መታወቂያ የሚይዝ ማን ነው?

ጫማዬን ነጥቄ ልሮጥ ስል አባዬ መጣ።

"ልጄ፣" አላት ለቤዛ፣ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ፣ "መታወቂያውን ጥሎ የሚጠፋ ሰው ሞልቷል። በአንድ እግር ጫማ ግን ማንም የትም አይሄድም።"

ከሰው ጋር እንዲህ ሲከራከር ካየሁት ስንት ጊዜዬ! ቤዛ ትንሽ አሰበችና ሳቀች። "እርስዎ ካሉ እሺ፣ አባባ" ብላ ጫማዬን ጠረጴዛው ላይ፣ ከመታወቂያዎቹ አጠገብ አስቀመጠችው። ጥቁሩ የቢሮ ጫማዬ ከዚያ ሁሉ ፎቶ ጋር ተደርድሮ ማየት ነበረባችሁ።

ሞተሩ ላይ ወጣሁ። "በቀኝ አውራ ጣትሽ ነዳጅ ትሰጪያለሽ፣ ፍሬኑ እጀታው ላይ ነው፣ ሲጠመዘዝ..." አለችኝ ቤዛ።

"እኔን ነው የምታስተምሪው?" አልኳት። "የጋሽ ወርቁ ሳይክል ልጅ እኮ ነኝ!"

አያድርስ! ሰው አፉን መዝጋት መቼ ነው የሚማረው?

መጀመሪያ ላይ ግን፣ ወገኖቼ፣ ልብ በሉልኝ፣ ነዳሁ። ያ ነፋስ መጣ! ጉልላቷ በቀኜ ነበረች፣ ቀሚሴ ይርገበገባል፣ ባዶ እግሬን ቀዘቀዘኝ፣ ልክ እንደዚያን ጊዜ። ወዲያ ጥግ ላይ እማዬ በር ላይ የቆመች መሰለኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እንባ ሲያቀርር ደግሞ ማጠፊያው አይታይም።

አሮጌ ጎማ የተከመረበት ማጠፊያ ነው። ልክ ሳየው ማቆም እንዳለብኝ ገባኝ። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ፍሬን ያዝኩ? ኡኡቴ! ቀኝ እግሬን ወደ ኋላ ሰደድኩ!

የኋላውን ጎማ ፍለጋ!

እግሬ አየር ላይ ይወናጨፋል። አውራ ጣቴ ደግሞ ነዳጁን እንደጨበጠ ነው። ቤዛ ከኋላ እየሮጠች "ፍሬን! ፍሬን ያዢ!" ትላለች። "እየያዝኩ ነው!" እላታለሁ፣ እግሬን እያወራጨሁ። አልዋሸኋትም እኮ፣ በኔ ቤት እየያዝኩ ነበር! እንደዚያ እያልኩ ሄጄ የጎማ ክምሩ መሃል ገባሁ።

ሞተሩ ጠፋ። እኔ ጎማው ላይ በሆዴ ተኝቻለሁ። ምንም አልሆንኩም፤ ከክብሬ በስተቀር የተሰበረ ነገር የለም። ጀለሶቹ አጨበጨቡልኝ። ያ የሚቀርጸው ልጅ "እህት፣ አልገባልኝም፣ ድገሚው!" አለኝ። ቪዲዮው ከደረሳችሁ እባካችሁ ለመሥሪያ ቤቴ ሰዎች እንዳትልኩት!

ከጎማው መሃል ቀና ስል ግን አንድ ድምፅ ሰማሁ።

አባዬ እየሳቀ ነው።

ነጠላዬን አፉ ላይ አድርጎ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። "በእግሯ... በእግሯ ልታቆመው..." እያለ ለቤዛ ሊያስረዳት ይሞክራል፤ ሳቁ አላስጨርስ ይለዋል። ባርኔጣው ወድቆ አላነሳውም። እማዬ ካረፈች ወዲህ ይህን ሳቅ አልሰማሁትም። ጀለሶቼ፣ ሌላ የጎማ ክምር ቢኖር ተነስቼ እገጨው ነበር!

እያነከስኩ መጣሁና "በል ተራው ያንተ ነው" አልኩት።

ሳቁ ቆመ። "እኔ አልችልም።"

"ምን ማለት ነው አልችልም? አንተ አይደለህ እንዴ አከራዩ?"

"ማከራየትና መንዳት አንድ ነው እንዴ?" አለኝ። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ወጣቶቹ እንዳይሰሙት። "ሳይክል ነድቼ አላውቅም፣ ሰብልዬ። አገር ቤት ሳለሁ ሳይክል የት አይቼ? ከተማ ስመጣ ደግሞ ትልቅ ሰው ነኝ። ያ ሁሉ ልጅ እያየኝ ልውደቅ?"

"ማን ያውቃል ይህን?"

"እናትሽ።"

ምሳው!

የአሥር ሰዓቱ ምሳ! "ወርቁ! ና ምሳህን ብላ!" እናቴ ያን ሁሉ ዓመት፣ ልጆቹ ይንዱ እያሉ በያዙት ቁጥር፣ ከጓዳ እየሰማች፣ ለሌለ ምሳ እየጠራች ታድነው ነበር። ለኔ እንኳ አልነገረችኝም። አቤት እማዬ! እዚያው ሄልሜት ውስጥ አለቀስኩ፤ ሄልሜት ለለቅሶ እንዴት እንደሚመች አታውቁም።

አባዬ ግን ሞተሩን እያየ ነው። ዞረው። የኋላውን ጎማ በእጁ ጫን አደረገው።

"ይሄ... አይወድቅም?"

"አራት ጎማ ነው፣ አባባ" አለችው ቤዛ። "እኔ አጠገብዎ እሄዳለሁ። በቀስታ ይዞሩና ይመለሳሉ።"

አባዬ ባርኔጣውን አቀበለኝ።

ሄልሜቱን አድርጎ ወጣ። እጀታውን ያዘው። ሞተሩ ነቅነቅ አለና ተንቀሳቀሰ፣ ሰው ከሚራመደው እኩል። ቤዛ እጇን ኮርቻው ላይ አድርጋ አጠገቡ ትሄዳለች። ቀጥሎ ፈጠን ፈጠን አለች። ቀጥሎ ሶምሶማ ጀመረች። ማጠፊያው ጋ አባዬ ፍሬኑን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደሚገባው ታጠፈና (አይ ጉዴ!) ቤዛን ጥሏት ሄደ።

ባህር ዛፉ የነበረበትን ቦታ ዞረ። ዙሩ አለቀ።

ቤዛ ፊሽካዋን ነፋች። "አባባ፣ ሰዓት!"

አልዞረም።

"አባባ! ሰዓት አልቋል! ይውረዱ!"

ወገኖቼ፣ አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ። ወደ ማርያም ጉልላት እያየ፣ ምንም ነገር እንዳልሰማ ሆኖ፣ በአጠገቧ አለፋት!

ጋሽ ወርቁ እኮ ነው! ዕድሜውን ሙሉ "ሰዓት!" ሲል የኖረ ሰው! እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ አላውቀውም፤ ባርኔጣውን ደረቴ ላይ አድርጌ "አልሰማም! አልሰማም!" እያልኩ እጮኻለሁ። ቅድም የሳቁብኝ ጀለሶች ተራቸውን ረስተው "ይቀጥሉ ጋሼ!" ይላሉ። ቤዛ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች፤ አባዬ በዚያው ሜዳ ላይ ስንቴ እንደዚያ ቆሟል።

በመጨረሻ መጥቶ ፊቴ አቆመ። አልወረደም። እጀታውን እንደያዘ ነው። ሄልሜቱ ውስጥ ዓይኑ ብቻ ይታየኛል።

"ሰብልዬ።"

"አቤት አባዬ።"

"አንድ ዙር ጨምሪልኝ።"

ሰማችሁ? እንደፈለግሽ አላለኝም! ጨምሪልኝ አለኝ! ኮረቱ እግሬን እየወጋኝ ወደ ቤዛ ጠረጴዛ ሮጥኩ።

ከዚያ ምን ያህል እንደዞረ አልነግራችሁም። ጨርሶ ሲወርድ ጫማዬን ላነሳ እጄን ሰደድኩ።

"ተይው" አለኝ።

"ምኑን?"

"ጫማውን። እዚሁ ይቆይ። ቅዳሜ መጥተን እንወስደዋለን።"

"አባባ፣ እኛ እኮ ሰው ሲወርድ ነው መያዣ የምንመልሰው" አለች ቤዛ ግራ ገብቷት።

"የኔ ኪራይ ገና አላለቀም" አላት አባዬ።

እኔ ባዶ እግሬን አየሁት። መንገዱን አሰብኩት። "አባዬ፣ በአንድ እግር ጫማ ማንም የትም አይሄድም ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?"

"ነኝ" አለኝ። ባርኔጣውን ከእጄ ተቀብሎ አደረገ። "እኔስ የት እሄዳለሁ?"

በቃ። ክንዱን ይዤ እያነከስኩ ወጣን።

መንገድ ላይ ዳዊት ደወለ፤ ነገ ስንት ሰዓት ልድረስ ሊል ነው። አባዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደው። "ዳዊትዬ፣ ነገ ና፣ ምሳ አብረን እንበላለን። ሻንጣውን ግን አናወርድም። እዚህ መያዣ አስይዣለሁ" ብሎ ዘጋበት። ዳዊት ወዲያው መልሶ ለኔ ደወለ። "ሰብሊ፣ አባዬ ከማን ነው የተበደረው?" አለኝ፣ ልቡ ቀጥ ብላ።

ነገ ሲመጣ አስረዳዋለሁ። ደረጃውንም፣ እኔ ሥራ ስውል ብቻውን የሚውልበትንም ነገር ተቀምጠን እንመክርበታለን፤ ሦስታችን፣ አባዬም የሚፈልገውን እየተናገረ።

የኔ ችግር ግን ሌላ ነው። ያ ጫማ ያለኝ አንድ የቢሮ ጫማ ነው። ሰኞ ስብሰባ አለኝ። ቅድም ቁም ሳጥኔን ሳገላብጥ ያገኘሁት አንድ የሠርግ ባለ ተረከዝና አንድ ነጠላ ጫማ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ያላቸው የቀኝ እግሩ ብቻ ነው! የግራዎቹ የት እንደገቡ አባዬን ልጠይቀው ፈራሁ።

ይህን እየጻፍኩ ከመስኮቱ ጠራኝ።

"ሰብልዬ፣ ቅዳሜ መቼ ነው?"

"ዛሬ ነው፣ አባዬ። ገና አላለቀም እኮ።"

"አሁንም?" አለኝ ቅር ብሎት።